«በዘራቸው የለም» ከማለት በፊት፦ ስለ ውርስ በሽታዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «በዘራቸው ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። መጠየቁ ደግ ነው። ችግሩ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ መዘጋቱ ነው። የዘር በሽታ ሁሉ በአንድ መንገድ አይተላለፍም፤ መንገዱ ካልተለየ የሚጠየቀውም የሚመረመረውም ሌላ ሰው ይሆናል።

«ቤተሰቡን ይዟል፤ የዘር ነው»

አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ከዘር ሌላ ምግብ፣ ውሃ፣ አፈርና ተሕዋስም ይጋራሉ። ሥጋ ደዌ ለዘመናት ትዳር ሲያስከለክል ኖሯል፤ በሽታው ግን የባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ተሕዋሱን አይቶታል፤ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ትንሽ ይወሳሰባል። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ሆኖም በዚያው አፈር ላይ የሚያርስ ሁሉ አይታመምም፤ ለአፈሩ ተጋላጭ የሚያደርግ ዘረመል በአንዳንድ ቤተሰብ ይወረሳል። የሚወረሰው እንግዲህ ተጋላጭነቱ ነው። ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን በየቀኑ በሳሙና የሚታጠብ ልጅ አባቱ ታማሚ ቢሆንም እንኳ በሽታው የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ልጅቷን «ዘሯ ነው» ብሎ ከመተው ለልጆቿ ጫማ መግዛት ይቀላል።

«ከሁለታችንም ወገን የለም፤ ታዲያ ከየት መጣ?»

ብዙ ትዳር የሚናጋው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ አድርገን እንይዛለን፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። አልቢኒዝምን (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም እጦትን) የመሰለ ድብቅ በሽታ የሚታየው ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ጤነኛ ነው። ብልሽቱ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ ሳይታይ ሲወርድ ይኖርና ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ይገለጣል። የእናቲቱን ታማኝነት የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

አንዳንዴ ደግሞ ለውጡ በዚያው ልጅ ላይ የጀመረ አዲስ ነው። አኮንድሮፕላዚያ የሚባለው የቁመት ማጠር ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች የተወለዱ ናቸው።

«አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይተርፋሉ»

ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በየእርግዝናው ልጁ ታማሚ የመሆን ዕድሉ 1/4፣ ተሸካሚ የመሆን 1/2፣ ነፃ የመሆን ደግሞ 1/4 ነው። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል፤ ያለፈውን አያስታውስም። አራት ልጅ ያላቸው እንዲህ ያሉ 100 ቤተሰቦች ቢኖሩ በ32ቱ ገደማ አንድም ታማሚ አይገኝም፣ በ42ቱ አንድ ብቻ ይኖራል፣ በ26ቱ ሁለትና ከዚያ በላይ።

ባለሙያም የሚስተው አንድ ስሌት አለ። የታማሚ ልጅ ጤነኛ እህት «ተሸካሚ ነኝ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ 1/2 የሚል መልስ ይሰጣታል። ስህተት ነው። ከአራቱ ዕድሎች ታማሚነት ተሰርዟል፤ ጤነኛ መሆኗን እናውቃለንና። ከቀሩት ሦስት ሁለቱ ተሸካሚነት ናቸው፤ ስለዚህ ዕድሏ 2/3 ነው።

የእናትን ወገን መዝለል

ስማችን ከነአባትና ከነአያት ስም ነው፤ የእናት ሐረግ የትም አይጻፍም። ሂሞፊሊያ፣ ማለትም ደም ያለመርጋት ችግር፣ የሚሄደው ግን በዚያው ባልተጻፈው ሐረግ ነው። ብልሽቱ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን ከሚይዙት ዘንጎች በአንዱ) ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለውን አንድ ኤክስ የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፤ አባቱ ዋይ የሚባለውን ክሮሞዞም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሂሞፊሊያ ያለበት አባት በሽታውን ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ሰው የሚሰጋው በተቃራኒው ነው፦ ለወንዱ ይጨነቃል፣ ለሴቷ «ደህና ናት» ይላል። እሷ ስትወልድ ወንድ ልጇ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል።

መጠየቅ ያለበት፦ የእናቲቱ ወንድም ወይም የእህቷ ልጅ ሲገረዝ፣ ጥርስ ሲነቀል ብዙ ደም ፈስሶት ያውቃል? በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ አለ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ግርዛቱ ይቆይ። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ፋክተር 8 እና 9 እስኪለኩ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም ሐኪም ሳይመክርበት አይወጋ። ፋክተር 9 በአራስ ልጅ በተፈጥሮው ዝቅ ስለሚል፣ ትንሽ ብቻ የቀነሰ ውጤት ከስድስት ወር በኋላ መደገም አለበት።

«ሰባት ቤት ቆጥረናል፤ አንሰጋም»

ቆጠራው ለተሠራለት ነገር ድንቅ ነው። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ከዘረመላቸው 1/8ኛውን ይጋራሉ፤ ሲጋቡ ልጁ ከባድ የአፈጣጠር ችግር የሚገጥመው ዕድል ከ2–3 በመቶ ወደ 4–6 በመቶ ገደማ ይወጣል። በሰባተኛው ትውልድ ላይ የሚገናኙ ሰዎች የሚጋሩት 1/8192ኛ ያህል ነው፤ ከባዳ አይለይም። ተሸካሚ በበዛበት አካባቢ ግን ባዳዎችም ተመሳሳይ ብልሽት ይዘው ይገናኛሉ። ዳውን ሲንድሮምም ከዝምድና ጋር አይያያዝም፤ ዕድሉ የሚጨምረው በእናት ዕድሜ ነው፣ በ40 ዓመት 1 ከ100 ይጠጋል።

በተሳሳተ ጊዜ መመርመር

የሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ የሚያስመስል የዘር በሽታ) ተሸካሚ መደበኛ የደም ቆጠራው ደህና ሆኖ ይወጣል፤ የሚለየው የሂሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለይ ሂሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባል ምርመራ ነው። በቅርቡ ደም ተለግሶለት ከሆነ ማሽኑ የለጋሹንም ደም አብሮ ያነባል፤ ሦስት ወር መጠበቅ ነው።

ቀይ የደም ሴሎችን ከመፍረስ የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በዘር ሲያንስም እንዲሁ። የባቄላ እሸት በልቶ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ በዚያው ሳምንት ቢመረመር ውጤቱ «ደህና» ሊል ይችላል። ኢንዛይም ያነሳቸው ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰው የቀሩት ኢንዛይም የሞላቸው ወጣቶቹ ናቸውና። ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። እስከዚያው ባቄላ አይቅመስ፤ ወባ ቢይዘው፣ ሴሎቹን ሊያፈርስ የሚችለው ፕሪማኩዊን የተባለ የወባ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ይህ ለሐኪሙ ይነገር፣ በካርዱም ላይ ይጻፍ።