የድሮ ካናዳ ትልልቅ ሳንቲሞች፦ በደረጃ አመዳደብና በጽዳት ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1858 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ስትገለገልባቸው የነበሩት ትልልቅ የነሐስ ባለ አንድ ሳንቲም ገንዘቦች ስፋታቸው ወደ 25.4 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የ1858 እና የ1859ዎቹ 4.54 ግራም፣ ከ1876 ጀምሮ የተመረቱት ደግሞ 5.67 ግራም ይመዝናሉ። ከእነዚህ መካከል ብርቅ የሚባሉት ዓይነቶች ከተራዎቹ የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አኃዝ ቅርጽ ወይም በአንዲት ፊደል በመሆኑ፣ በጽዳት ስም ከገጹ ላይ የሚፋቅ ነገር ሁሉ የሳንቲሙን ደረጃ (ምን ያህል ሳያልቅ እንደቆየ የሚገልጸውን መለኪያ) ብቻ ሳይሆን የማንነቱንም ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ በአጉሊ መነጽር ማየትና በስሱ ሚዛን መመዘን ይገባል።

ምልክት፦ የ1859 ሳንቲም ቢጫ ሆኖ ይታያል

በዚያ ዓመት ጥቂት ሳንቲሞች ከተለመደው ነሐስ ይልቅ በናስ (በመዳብና በዚንክ ቅይጥ) መመረታቸው ስለሚታወቅ፣ ቢጫ ያየ ሁሉ ብርቁን ያገኘ ይመስለዋል። ሆኖም ደንበኛው ቅይጥ 95 በመቶ መዳብ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮና 1 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ ዓመታት ያለበሱት ቡናማ ሽፋን በማጽጃ ሲገፈፍ እርሱም ቢጫ ወይም ሮዝ መሰል ደማቅ ቀለም ያወጣል። ለመለየት ሳንቲሙን አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሥር እያዘነበሉ ይመልከቱት፤ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ፀጉር መሰል ጭረቶች ከታዩና በፊደላቱ ሥር ቡናማ ቅሪት ከቀረ፣ የተወለወለ ነሐስ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ሳንቲሙን ሳይጎዳ ቅይጡን የሚለካው የኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ ምርመራ ነው። የተወለወለውን በኬሚካል መልሶ ማጥቆር ግን ጉዳት ላይ ማታለል መጨመር ስለሆነ ፈጽሞ አልመክርም፤ በማስቀመጫው ላይ «የጸዳ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

ምልክት፦ የ1859 ዘጠኝ ቁጥር ድርብ ይመስላል

ሁለት የተለያዩ መንስኤዎች አሉት። አንደኛው፣ በ8 ቁጥር ላይ ሰፊ 9 የተመታበት ተፈላጊ ዓይነት ነው። ሁለተኛው፣ ጠባቡ 9 ራሱ ሁለት ጊዜ የተመታበት ነው። ብርሃንን ከጎን ዝቅ አድርገው እያዞሩ ሲመለከቱ በመጀመሪያ የ9ኙን ስፋት ይለዩ፤ በአገልግሎት ባለቀ ሳንቲም ላይ የ8ቱ ቅሪት ቀድሞ ሊጠፋ ቢችልም የሰፊው 9 ቅርጽ ይቆያልና።

ምልክት፦ ጎላ ያለው ክፍል ጠፍጣፋ ነው፣ ገጹ ግን ያበራል

መንስኤው ማለቅ ወይም በምርት ጊዜ የነበረ ደካማ ምት ሊሆን ይችላል። በእጅ መነካካት ያለቀ ቦታ ይለሰልሳል፣ ከአካባቢው የተለየ ደብዛዛ ቀለምም ይይዛል፤ በደካማ ምት የቀረ ቦታ ግን የመጀመሪያ ብልጭታውን አያጣም። በንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛና በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ምስል ላይ ደግሞ የዘውዱን መቀነት ይመርምሩ። በመቀነቱ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ከደበዘዙ ደረጃው ፋይን (እዚህ ከሚጠቀሱት ሦስት ደረጃዎች ዝቅተኛው) ነው፤ መቀነቱ ግልጽ ሆኖ ስለቱን ብቻ ካጣ ቬሪ ፋይን፣ በጥቂቱ ቢነካም በአጠቃላይ ስሉ ከሆነ ኤክስትራ ፋይን ይባላል።

ምልክት፦ ዓይነቱ አልለይ ይላል

በ1891 ሳንቲም ጀርባ ላይ የተቀረጹት ቅጠሎች መጠንና የዓመት ቁጥሩ መጠን የግድ አብረው አይሄዱም። ብዙዎች ትንሽ ቁጥር ሲያዩ ቅጠሉንም ትንሽ ነው ብለው ይደመድማሉ፤ ከሦስቱ ዓይነቶች በጣም የሚፈለገው ግን ትልቅ ቅጠል ከትንሽ ቁጥር ጋር ያለበት ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከካታሎግ ሥዕል ጋር ያስተያዩ። በበርሚንግሃም የሂተን ፋብሪካ የተመረቱትን የምታመለክተው የኤች (H) ፊደልም እንዲሁ ጥንቃቄ ትጠይቃለች፤ በ1907 ፊደሏ ያለባቸው 800,000 ብቻ በመሆናቸው ብርቆቹ እነርሱ ሲሆኑ፣ በ1900 ግን በተቃራኒው የሌለባቸው ናቸው። ስለዚህ በ1900ው ላይ ፊደሏ ተፍቃ እንዳይሆን ቦታውን በመነጽር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አረንጓዴ ነገር ታየ

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠንካራና ከገጹ ጋር የተዋሐደ ከሆነ አይንኩት። የሚያጣብቅና የሚያዳልጥ ከሆነ መንስኤው ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ማስቀመጫ ነው፤ ሳንቲሙን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በንጹሕ አሴቶን (የፕላስቲኩን ቅሪት በሚያሟሟ ፈሳሽ) ይዘፍዝፉት፣ ሳያሹ አውጥተው በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይተካውም፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው ይሥሩ።

በጣም አሳሳቢው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። በነሐሱ ውስጥ የገባ ክሎራይድ (ጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ከእርጥበትና ከአየር ጋር እየተገናኘ መዳቡን ያለማቋረጥ ስለሚበላው፣ ዱቄቱ ቢጠረግም ተመልሶ ይወጣል፣ በሥሩም ጉድጓድ ይተዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና የጥርስ ሳሙና እዚህ ጥፋት እንጂ ፈውስ አይሆኑም። ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለይተው በተጣራ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን ለሳምንታት በየጊዜው ይቀያይሩ፤ ሲያበቁ እርጥበቱን በአሴቶን አውጥተው እርጥበት ከሚስብ ሲሊካ ጄል ጋር በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። በየወሩ በመነጽር ይከታተሉት፤ ዱቄቱ ከተመለሰ ክሎራይዱ ወደ ውስጥ ዘልቋልና፣ እንደ ቤንዞትሪያዞል ባሉ መርዛማ ኬሚካሎች መሥራት ለሚችል የብረታ ብረት ቅርስ ጥገና ባለሙያ ይስጡት።