መጽሐፍ ቅዱስን እንደ መጣ ገልጦ መልስ መፈለግ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ጸሎት አድርሰን፣ ዓይናችንን ጨፍነን መጽሐፍ ቅዱሱን እንገልጣለን፤ ጣታችን ያረፈበትንም ቁጥር «ለእኔ የመጣ ቃል» ብለን እንቀበላለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ አድርጌያለሁ። በጭንቅ ሰዓት ወደ ቃሉ መሮጥ መልካም ነው፤ የሚያሳዝነኝ አብሮት የሚመጣው ስህተት ነው።

ገጹን ምልክት አድርጎ መቁጠር

ጥራዝ ብዙ ጊዜ በተነበበበት ቦታ ይላላል። የቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ መዝሙር 91 ላይ፣ በግእዙ ዳዊት 90 ላይ፣ ይከፈትልኝ ስለነበር እደነቅ ነበር። ኋላ ሳስተውል እናቴ ማታ ማታ የምታነበው እርሱን ነው። ጥራዙን ያላላው የእርሷ እጅ ነበር። መዝሙረ ዳዊት ራሱም ወደ መጽሐፉ መሐል ስለሚገኝ መሐሉን የገለጠ ሁሉ ወደዚያው ይጠጋል።

ቁጥሩን ከታሪኩ መነጠል

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ለሥራ ከአገር ሊወጣ የተነሣ ሰው ጣቱ ዘፍጥረት 46፥3 ላይ ቢያርፍ፣ ያዕቆብ ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ ሲነገረው ያነብና ሻንጣውን ያዘጋጃል። ኤርምያስ 42፥19 ቢገጥመው ግን ወደ ግብፅ እንዳይገቡ የተሰጠ ትእዛዝ ያገኛል፤ ጉዞውን ይሰርዛል። ማቴዎስ 2፥13 ላይ ደግሞ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደዚያው ወደ ግብፅ እንዲሸሽ ይታዘዛል። ሦስቱም ቃል እውነት ነው። ያዕቆብ በረኀብ ዘመን ወደ ልጁ እየሄደ ነበር፤ በኤርምያስ ዘመን የነበሩት ከኢየሩሳሌም ውድቀት የተረፉና ባቢሎናውያንን የፈሩ ናቸው፤ ዮሴፍን ያሸሸው የሄሮድስ ሰይፍ ነው። ይህን ሳያነብ የወሰነ ሰው ከመጽሐፉ ምንም አልተማረም። ቁጥሮቹም ቢሆኑ ከጽሑፉ ጋር አልተወለዱም፤ አዲስ ኪዳንን ዛሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች የከፈለው ሮበርት ኤስቲየን የተባለ አታሚ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1551 ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብቡ።

ደስ የሚል ቃል እስኪመጣ ደጋግሞ መግለጥ

በሦስተኛው ሙከራ የተገኘውን ቁጥር የመረጠው የራሳችን ፍላጎት ነው። ይህን ለራሳችን ማመን አለብን።

አውግስጢኖስን በግማሹ መጥቀስ

«የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስስ ገልጦ አልነበረምን?» ይሉናል። አዎን፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ386 በሚላኖ አንድ የአትክልት ስፍራ «አንሥተህ አንብብ» የሚል የሕፃን ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ሮሜ 13፥13–14ንም አነበበ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ከራሱ ጋር ታግሏል፤ የከተማይቱን ጳጳስ የአምብሮስንም ስብከት ሲሰማ ቆይቷል። ያገኘው ቃል ሊተወው የሚገባውን፣ አስቀድሞም የሚያውቀውን ኃጢአት የሚገሥጽ እንጂ የነገውን የሚተነብይ አልነበረም። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከወንጌል ገጾች ለዓለማዊ ጉዳያቸው ዕጣ የሚያወጡትን እንደማይወድላቸው በደብዳቤ ጽፏል። በዛሬዋ ፈረንሳይ በ506 በአግድ፣ በ511 በኦርሌአን የተሰበሰቡ የጳጳሳት ጉባኤዎችም ይህን ልማድ አውግዘዋል።

ስምንና የእናትን ስም ቆጥሮ ከዐውደ ነገሥት ዕጣ ክፍል የሚያወጣውን መጽሐፍ ገላጭ እንነቅፋለን። ወንጌሉን ይዘን ያንኑ ብናደርግ ከእርሱ በምን እንለያለን?

ለሌላ ሰው መግለጥ

በራስ ላይ የተሳሳተ ሰው በራሱ ይጎዳል። በታመመች ዘመዱ አልጋ አጠገብ ገልጦ «ተፈውሰሻል ተብሏል፤ መድኃኒቱን ተዪው» የሚል ሰው ግን በማያውቀው ነገር ሕይወት ይወስናል። ትዳርንም በዚህ መንገድ ያፈረሱ አሉ። እባካችሁ፣ ቃሉን በሌላ ሰው ላይ ፍርድ አታድርጉት። የታመመችው እኅታችን መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ፤ ሐኪም ቤት ስትሄድም አብረናት እንሂድ፤ መዝሙሩን እዚያው ወረፋ ላይ ተቀምጠን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እናንብብላት።