በአይጦች ላይ አዲስ ነገር ፈላጊነትን ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

የላቦራቶሪ አይጥ (ትልቋ፣ በእንግሊዝኛ rat የምትባለው) በተወለደች በ21ኛው ቀን ገደማ ጡት ትጥላለች። ከ28ኛው እስከ 42ኛው ቀን ያለው ጊዜ በተለምዶ የጉርምስና ዕድሜዋ ሲሆን፣ ከ60ኛው ቀን በኋላ እንደ አዋቂ ትቆጠራለች። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ አዲስ ነገር የመፈለግ ባሕርይዋ እንዴት እንደሚለወጥ ለማወቅ የሚነሳ ተመራማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በስሌቱ ሳይሆን በሙከራው አሠራር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት መሯሯጥን እንደ ፍላጎት መቁጠር ነው። መውጫ በሌለው እንግዳ ሣጥን ውስጥ የገባች አይጥ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከች ብዙ ርቀት ብትሮጥ፣ አዲሱ ቦታ ስቧት ሊሆን ይችላል፤ ፈርታ ማምለጫ እየፈለገችም ሊሆን ይችላል። እንቅስቃሴን የሚቆጥረው መሣሪያ ሁለቱን አይለይም። በ1989 ተመራማሪው ፒያሳና ባልደረቦቹ እንዲህ ባለ ቦታ አብዝተው የሚንቀሳቀሱ አይጦች አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ በራሳቸው መውሰድ ፈጥነው እንደሚለምዱ ካሳዩ ወዲህ ይህ መለኪያ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ነገር ግን የሚለካው አይጧ ሳትመርጥ ለገጠማት አዲስነት የምትሰጠውን ምላሽ ነው። ፈላጊነትን ለማየት ምርጫ መስጠት ያስፈልጋል፤ የለመደችውን ክፍልና የማታውቀውን ክፍል አገናኝቶ በሩን ከፍቶ መተው። ያኔ የአንድ ወር አይጥ ከበሩ ላይ ቆማ አንገቷን ስታስረዝም፣ ጢሟን እያርገበገበች ስታሸት፣ የፊት እግሮቿን አስገብታ ስትመለስ፣ በመጨረሻም ጠቅልላ ስትገባ ይታያል። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ በ2011 የወጣ ጥናት ቅጣት ቢያስከትልባቸውም ኮኬይን መውሰድን ወደ መቀጠል ያዘነበሉት አዲሱን ክፍል በምርጫቸው የሚያዘወትሩት አይጦች መሆናቸውን አሳይቷል።

ሁለተኛው ስህተት ያቺኑ አይጥ በ35ኛው ቀን ፈትኖ በ75ኛው ቀን ወደዚያው ሣጥን መመለስ ነው። ያየችው ሣጥን አዲስ አይደለም። እንቅስቃሴዋ ቢቀንስ አድጋ ነው ወይስ ለምዳው? በዚህ አሠራር መልስ አይገኝም። ስለዚህ ለየዕድሜው ሌላ ቡድን ማዘጋጀት፣ ወይም ወለሉ፣ ግድግዳውና ሽታው የተለያየ ሣጥን አዘጋጅቶ ቅደም ተከተሉን በአይጦቹ መካከል ማፈራረቅ ይገባል።

የአካል መጠንም ይዘነጋል። ጡት የጣለች አይጥ 50 ግራም ገደማ ስትመዝን፣ አዋቂ ወንድ ከ300 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ለአንዱ ሰፊ ሜዳ የሆነው ሣጥን ለሌላው ጠባብ ነው። ርቀትን በሴንቲሜትር ብቻ ማወዳደር ስለሚያሳስት ወደ አዲሱ ክፍል ለመግባት የፈጀውን ጊዜና እዚያ የቆየችበትን ድርሻ አብሮ መመዝገብ ይሻላል።

አይጥ የሌሊት እንስሳ መሆኗን ረስቶ ቀን በደማቅ መብራት መፈተን ፍርሃትን መለካት ይሆናል፤ በተለይ ነጫጮቹ የዊስታርና የስፕራግ ዳውሊ ዝርያዎች ብርሃን ይከብዳቸዋል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲታለፍ ሣጥኑን ሳያጸዱ መቀጠልም የቀዳሚዋን ሽታ ለተከታይዋ ማውረስ ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ ለብቻቸው ያደጉ አይጦች በአዲስ ቦታ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ ከፍ ስለሚል፣ በጋራ ካደጉት ጋር መቀላቀል የለባቸውም።

በጣም የተለመደና በቀላሉ የሚታለፍ ሌላ ስህተት አለ፤ ከአንዲት እናት የተወለዱ ስምንት ልጆችን እንደ ስምንት ራሳቸውን የቻሉ ናሙናዎች መቁጠር። የእናት እንክብካቤና ዘር ስለሚያመሳስላቸው፣ ከየእናቱ ለአንድ ቡድን አንድ ወንድና አንድ ሴት ብቻ መውሰድ፣ ካልሆነም እናትን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው።

በመጨረሻም «ጎረምሳ» ብሎ ጽፎ ማለፍ አይበቃም። ሴቶቹ በ35ኛው ቀን አካባቢ፣ ወንዶቹ ግን ከ40ኛው ቀን በኋላ የአካል ጉርምስና ምልክት ስለሚያሳዩ፣ በ36ኛው ቀን የተፈተኑ ወንድና ሴት በቀን ቢመሳሰሉም በእድገት ደረጃ እኩል አይደሉም፤ ቀኑም፣ ጾታውም፣ ምልክቱ የታየበት ዕለትም በመዝገቡ ላይ መስፈር አለባቸው።