ዓይናችሁ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁራችሁ

ልብስ ሰፊ ነኝ። አራት ኪሎ፣ አንድ ሲንጀርና አንድ በርጩማ ብቻ በምትይዝ ሱቅ ውስጥ እውላለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በነፃ መሰጠት በጀመረ በዓመቱ። ቫይራል ሎዴ (ደሜ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) "አይታይም" መባል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዓይኔ መቆርቆር ሲጀምር በአቧራው አሳበብኩ። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስት አራት ጊዜ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ወደ ማታ ደግሞ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ነገሩ ግን የዓይን ድርቀት ነበር።

ጎረቤቴ "የሚያለቅስ ዓይን እንዴት ደረቀ ይባላል?" ትለኛለች። ይባላል እንጂ! እንባ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከዓይን ቆብ ጠርዝ የሚወጣ ቅባት ከላይ ይሸፍነዋል። ቅባቱ ሲያንስ እንባው ቶሎ ይተናል፣ ዓይን ይቆጣል፣ የተቆጣ ዓይን ደግሞ ውኃ ይለቃል። ውኃው ግን ዓይን ላይ አይረጋም፣ ጉንጭ ላይ ይቀራል። እኛ ላይ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ የእንባ ዕጢን ሊጎዳ ይችላል።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ "ለቀላ ዓይን" ብዬ ጠብታ ገዛሁ። በሁለት ቀን ቅላቱ ጠፋ፤ ደስ ብሎኝ ሦስት ሳምንት ቀጠልኩበት። ለካ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ኖሯል። ስቴሮይድ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሲቆይ ሞራ ያመጣል፣ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ የያዘውን ዓይን ደግሞ ያባብሳል። ብልቃጡ ላይ ስሙ በ"ዞን" ወይም በ"ሎን" የሚያልቅ ከሆነ (ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን) የዓይን ሐኪም ሳያዝ አትንኩት።

ከዚያ ተመርመሩ። በከተማችን ዓይን ሲባል ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ እኔም እዚያው ሄድኩ። ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ወረቀት የታችኛው ቆብ ላይ ያንጠለጥሉና 5 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። የረጠበው በሚሊሜትር ይለካል፤ ከ10 በላይ ደህና ነው፣ ከ5 በታች ደረቅ። የኔ ግራ ዓይን 4 ወጣ። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስኖር የራሴ እንባ ሲለካ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኤችአይቪ እንዳለባችሁ፣ የመጨረሻውን ሲዲ ፎር (በደም ውስጥ ያሉ በሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር) እና የምትውጡትን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ በወረቀት ጽፋችሁ አቀብሉ፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። እግሬን ሲያቃጥለኝ ማታ ማታ የምወስዳት አሚትሪፕቲሊን ዓይንም አፍም እንደምታደርቅ ያወቅኩት በዚያች ወረቀት ነው። አንዳንድ የአለርጂ ክኒንም ያደርቃል። ብቻ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ኢታምቡቶል የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተው ቀጠሮውን አይጠብቅ።

ቤት ውስጥ የምሠራው ይኸው ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ እጨምቃለሁ፤ ሙቀቱን በእጄ አንጓ ፈትሼ የተጨፈነ ዓይኔ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጣለሁ። ሲበርድ እንደገና እነክራለሁ። ከዚያ የቆቡን ጠርዝ ቀስ አድርጌ አሻለሁ፣ የረጋው ቅባት እንዲወጣ።

ቀጥሎ ጠብታው። "ሰው ሠራሽ እንባ" ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ታጥቦ የታችኛው ቆብ ዝቅ ይደረጋል፣ አንዲት ጠብታ ብቻ፤ የብልቃጡ አፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ። ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ አንድ ደቂቃ ጫን አድርጉት፣ ካለበለዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ካስፈለገ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ፈልጉ፣ ኪስ ይጎዳል እንጂ። ብልቃጡን የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፤ አብዛኛው ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል።

"የዓይን ቫይታሚን" የምትገዙ፣ ዚንክ ወይም ብረት ካለበት ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ አይዋጥም። መድኃኒታችሁን ከቫይታሚኑ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ውሰዱ።

ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ፊት ለፊት አልቀመጥም፤ ይቀየሙኝ። ስሰፋም በየ20 ደቂቃው ቀና ብዬ ከመንገዱ ማዶ የቆሙትን ታክሲዎች እያየሁ ዓይኔን ርግብ ርግብ አደርጋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ለመቆርቆር ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። የዓይን ነጭ ላይ የሚያድግ ሥጋ መሰል ነገር ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ገና ትንሽ ሳለ ይታይ። በተለይ ሲዲ ፎሩ ከ50 በታች የወረደ ሰው፣ ሳያመውም ሳይቀላም፣ ዓይኑ ውስጥ ዝንብ የሚመስል ነገር ቢዋኝበት፣ ብልጭ ቢልበት ወይም በአንድ ጎን ጥላ ቢጋርደው የጨርቅም የጠብታም ጉዳይ አይደለም። ያን ዕለት ሱቅ ተዘግቶ ይኬዳል።