በፀሐይና በዝናብ የተጎዱ የደጅ ወንበሮችንና ጠረጴዛዎችን በአነስተኛ ወጪ እንዴት ማደስ ይቻላል?

ደጅ ከርሞ ግራጫ የሆነ የእንጨት ወንበር ያለቀለት ይመስላል፤ ሆኖም ግራጫው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የሚይዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያፈርሰዋል፤ ዝናቡም የፈረሰውን አጥቦ ይወስደዋል። ይህ ሽፋን ሲነሳ ከሥሩ ጤናማ እንጨት ይገኛል። ወንበርን በእርግጥ የሚገድለው ግን በእግሩ ጫፍና በመጋጠሚያዎቹ ገብቶ የሚቀመጠው እርጥበት በመሆኑ፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም ከቀለሙ ይልቅ እነዚህ ቦታዎች ላይ ቢያውል ያተርፋል።

ስለዚህ ምንም ከመግዛት በፊት እቃውን ገልብጦ መመርመር ያስፈልጋል። የካቻቢቴ ጫፍ በእግሮቹ ሥርና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሲጫን እንጨቱ ከተቋቋመው ደህና ነው፤ ያለ ችግር ጠልቆ ከገባና እንጨቱ ከተፈረፈረ ግን በስብሷል። ብስባሴው በእግሮቹ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ አራቱንም እኩል ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል፤ ወንበር በ2 ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ተቀማጩ እምብዛም አይታወቀውም። አንድ ሁለት የመቀመጫ ጣውላ ቢበሰብስም መተካት ቀላል ነው። ዋናዎቹ ተሸካሚ እንጨቶች መጋጠሚያቸው ላይ ከበሰበሱ ግን ለእድሳት የሚወጣው ገንዘብ ባክኖ ይቀራል።

ቀጥሎ እቃውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ብሩሽ በቃጫው አቅጣጫ ማጠብ ነው። በኃይል የሚረጭ የውኃ መሣሪያ ሥራውን ያፋጥናል ቢባልም ለስላሳውን የእንጨት ክፍል እየቦረቦረ ኋላ የሚፋቀውን ስለሚያበዛ ባይጠቀሙበት ይመረጣል። ታጥቦ ያበቃው እቃ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቢያንስ ለ2 ወይም ለ3 ቀናት መድረቅ አለበት፤ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ በሚታይ ችኮላ ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣልና።

እንጨቱ ሲደርቅ የላሉ መጋጠሚያዎች እንዲጠብቁ ይደረጋል። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ በባዶ የሚዞር ከሆነ ወፍራም ብሎን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ቀጭን የእንጨት ስንጥሮች ኮላ ተቀብተው ቀዳዳው እስኪሞላ ድረስ ይገባሉ፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ የተረፈው ከገጹ ጋር እኩል ተቆርጦ ብሎኑ እንደገና ይታሰራል። ኮላው ውኃ የማይፈታው ዓይነት መሆን አለበት። የዛጉ ብሎኖች ደግሞ ዝገት በማይነካቸው ቢተኩ ጥሩ ነው፤ የዛገ ብረት በዙሪያው ያለውን እንጨት ያጠቁራል።

ከዚያ በኋላ መፈግፈግ ይጀመራል። ግራጫውን ለማንሳት 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ለማለስለስ ደግሞ 120 ቁጥር በቂ ነው። ከዚህ በላይ ማለስለስ ድካም ከመሆኑም በላይ ዘይቱ በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ከብዙ ዓመት በፊት ቀለም የተቀባ እቃ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ አሮጌ ቀለሞች እርሳስ (ሌድ) የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ አይገባም፤ ገጹን እያረጠቡ፣ ጭምብል አድርጎና ልጆችን አርቆ መሥራት ይገባል።

ማጠናቀቂያውን በተመለከተ ቫርኒሽ ሲያዩት ያምራል፤ ሆኖም ደጅ ሲውል ይሰነጠቅና እንደገና ለመቀባት ሁሉንም መፋቅ ግድ ይሆናል። ባለቀለም የውጭ ቀለም ፀሐይን ይበልጥ ይከላከላል። የእንጨቱን መልክ ማየት ለሚፈልግ ቆጣቢ ሰው ግን ለእንጨት ቅብ የተዘጋጀው፣ ቶሎ የሚደርቀው የተልባ ዘይት የተሻለ ነው፤ ግራጫነቱን ለዘለዓለም ባያስቀርም በየዓመቱ ጠረግ አድርጎ መልሶ መቀባት ይቻላልና። ዘይቱ በስሱ ይቀባል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ያልሰረገው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ ተጣብቆ ይቀራል። በአንድ ቀን ልዩነት 2 ወይም 3 ጊዜ መድገም ይበቃል። የእግሮቹ ጫፍ ውኃ እንደ ገለባ ስለሚመጥ፣ እያንዳንዱ እግር ጥቂት ዘይት ባለበት ሳህን ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ቢቆም የእቃው ዕድሜ ይረዝማል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት የእሳት አደጋ አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት እየተጠራቀመ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለሆነም ከቤት ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውኃ በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ መነከር አለበት።

የብረት እቃ ከሆነ ሥራው ያጥራል፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ አዲስ ዝገት ሳይጀምር በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባል፣ ከዚያም ሁለት ስስ የዘይት ቀለም ይደረብበታል። እግሮቹ ቱቦ ከሆኑ ውስጣቸው የተጠራቀመ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚያዝጋቸው፣ ከመቀባቱ በፊት በዝቅተኛው ቦታ ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳ መብሳት ይገባል፤ ቀለሙ ሲቀባም ቀዳዳው እንዳይደፈን መጠበቅ ነው።