የጆን አዳምስን ዘመን ደብዳቤ እንዴት እናንብብ?

ጆን አዳምስ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ ከዚያ በፊት፣ አገሩ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ስትዋጋ፣ በአውሮፓ መልእክተኛዋ ነበር። መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን እዩ። እኔ ሁሌም ከዚያ ነው የምጀምረው። ከፓሪስ ወደ ፊላደልፊያ የሚላክ ደብዳቤ ባሕር ላይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ «ምነው መልስ ጠፋ?» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። እንግሊዞች መርከብ ስለሚይዙ አንዱን ደብዳቤ በተለያዩ መርከቦች ይልኩት ነበር። በ1780 እ.ኤ.አ. ወደ ሆላንድ የተላከው የአሜሪካ መልእክተኛ ሄንሪ ሎረንስ ባሕር ላይ ሲያዝ ወረቀቶቹን ባሕር ውስጥ ወረወረ። እንግሊዞቹ ግን ለቅመው አወጧቸው!

ቁጥር የተደረደረበት ገጽ ካጋጠማችሁ ሚስጥራዊ ኮድ ነው። አይዟችሁ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ (ምክር ቤት) አባል የነበረው የጄምስ ላቨል ኮድ አዳምስን ራሱን አስቸግሮታል። «ትሁት አገልጋይዎ» የሚለውን መዝጊያ እለፉት፤ የዘመኑ ወግ ነው፣ ለማይወዱትም ሰው ይጽፉታል።

የአዳምስን ባለቤት የአቢጌልን ደብዳቤ ግን አንድ መስመር እንዳትዘሉ። በ1776 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ልጆቿን ፈንጣጣ ስታስከትብ ከጻፈቻቸው ጀምሩ።