ለእንደራሴያችሁ ደብተር ክፈቱለት

ባሕር ዳር ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ 22 ዓመቴ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከዘጌ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ከጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ አለና «እትዬ፣ ለፓርላማው እንደራሴያችን ይጻፉልኝ፤ ምንም አልሠራልንም ይበሉልኝ» አለኝ። ብዕሬን አስቀመጥሁ። «ምንም» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ማስረጃ ሳልይዝ በማንም ላይ ጽፌው አላውቅም። እንደራሴ የሚወቀሰውም የሚመሰገነውም በተመዘገበ ሥራው ነው፤ መዝገቡን የሚይዝለት ከሌለ ደግሞ መራጩ ራሱ ይያዘው። ለዚያ ልጅ ያሳየሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ቅሬታችሁ የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ለዩ። ልጁን ያንገበገበው የመረብ ክልከላ ነበር። የጣና ዓሣ አጠባበቅ ዝርዝር በአብዛኛው የክልሉ ጉዳይ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ የሚሰበሰበው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ሕጎቹም የሚታተሙት በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ እሱ የሚገኘው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዋጅ ከሆነ እንደራሴያችሁን ጠይቁ። ደንብ ከሆነ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ነው፤ መመሪያ ከሆነም የመሥሪያ ቤቱ ነው። በመመሪያ የተበደለ ሰው እንደራሴውን «ለምን ድምፅ ሰጠህ» ቢለው መልሱ አጭር ነው፤ አልሰጠሁም ይለዋል፤ እውነቱንም ነው።

ከዚያ ወፍራም ደብተር ግዙና ለአንድ አዋጅ አንድ ገጽ ስጡ። ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ድምፅ የተሰጠበትን ቀን፣ የተመራለትን ቋሚ ኮሚቴ፣ የድምፁን ውጤትና እንደራሴያችሁ የተናገረውን ጻፉ። የገጹን ሲሶ ባዶ ተዉት፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ በአማርኛ 1185/2012 ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ ግን 1185/2020 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሕግ አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው የተለየው። ሁለቱ ዓምዶች ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ቀኑም ያሳስታል። ይህ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ግን መጋቢት 14 ነው። ስለ ድምፁ የምትፈልጉ ከሆነ የየካቲቱን ዜና ፈልጉ፤ ጋዜጣው ላይ የምታገኙት የፕሬዚዳንቷን ስምና ሕጉን ብቻ ነው። በዕለቱ ዜና 23 ተቃውሞና 2 ድምፀ ተዓቅቦ እንደነበረ ተነግሯል።

የሰማችሁትን የመጀመሪያ ቁጥር ወዲያው በቀለም አትጻፉ። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ በኋላ 395 ተብሎ ታረመ፤ 88 ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። እንዲህ ያለው አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልገው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ከሁለት ቦታ ሳመሳክር በቀለም እደግመዋለሁ።

ከ88ቱ ውስጥ የእናንተ ሰው ነበረበት? ዜናው አይነግራችሁም። እጅ ወጥቶ ሲቆጠር የሚነገረው ድምር እንጂ ስም አይደለም። ሲሶውን ገጽ ባዶ ተዉት ያልሁት ለዚህ ነው፤ እዚያ የሚጻፈው ራሱ የሚሰጣችሁ መልስ ነው። አትፍሩ፣ እሱም አይፍራ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ማንኛውም የምክር ቤቱ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ደንግጓል። እዚያው አንቀጽ ላይ አባሉ የመራጩን አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት ከአባልነት እንደሚወገድም ተጽፏል። አመኔታ ሊነሣም ሊጸናም የሚችለው ምን እንደሠራ ሲታወቅ ነው። ድምፁን ለመራጩ የማይናገር እንደራሴ፣ በእኔ እምነት፣ የተሰጠውን አደራ ግማሹን ብቻ ነው የተወጣው።

«ስንት ሕግ አመነጨ?» የሚለውን ዓምድ በጥንቃቄ ያዙ። አባላትና ኮሚቴዎች ረቂቅ ማቅረብ ቢፈቀድላቸውም አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ዓምዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ ሰነፍ ነው አትበሉ። ይልቅ ኮሚቴው ላይ አተኩሩ። ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ባለሙያና ባለድርሻ አካላትን ሰምቶ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። የተመራውን ረቂቅና የታተመውን አዋጅ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የተለወጠውን አንቀጽ ብታሰምሩበት፣ እውነተኛው ሥራ የተሠራው የት እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ አዋጅ እንዲህ ሳመሳክር ሁለት ምሽት ይፈጅብኛል፤ አልቆጭም።

አስፈጻሚውን መቆጣጠርም የእንደራሴ ሥራ ነው። ስለ እምቦጭ ሚኒስትሩን ጠይቋል? መቼ? ምን ተብሎ ተመለሰለት? እምቦጩ የጣናን ዳርቻ ማልበስ ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታንኳው ሣር ውስጥ ለሚሰነቀርበት ሰው ይህ ገጽ ከማንኛውም አዋጅ ይበልጣል።

ጊዜውንም ምረጡ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። እንደራሴው ወደ መራጩ ሲመጣ ደብተራችሁ ተሞልቶ ይጠብቀው።

ለዚያ ልጅ ሁለት ወረቀት ጻፍሁለት። የመረቡ አቤቱታ ወደ ክልሉ ምክር ቤት ሄደ። ለእንደራሴው የተጻፈው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ «ስለ እምቦጭ በምክር ቤቱ ያነሡት ጥያቄ ካለ ቀኑንና የተሰጠዎትን መልስ፣ ካላነሡም መቼ እንደሚያነሡ እንዲገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ይላል። «ምንም» የሚል ቃል የለበትም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርገው በቀሪው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም እንዲያስመታ ነግሬው፣ ደብተሩ ውስጥ አጥፎ የሚያስቀምጥበትን ገጽ አሳየሁት።